ወረዳ ስንገባ ድምፃችን ለምን ይቀንሳል?

ሰገነት | ሰኞ፣ ማታ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፓርቲና ስለ ባለሥልጣን ነው። እኔ ዛሬ ዝቅ ብዬ ስለ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ላውራ። ስሙ ወረዳ ከሆነ ቆይቷል፤ ሰው ግን አሁንም ቀበሌ ነው የሚለው። ሥልጣን የሚባለውን ነገር አብዛኞቻችን በዓይናችን የምናየው እዚያ ነው። ሚኒስትር በአካል አይተን አናውቅም። የመታወቂያ ክፍሏን ልጅ ግን ሁላችንም እናውቃታለን።

የሰፈራችን ዕድር ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሒሳብ ያዡን ላብ በላብ ያደርጉታል። «ለድንኳን ማደሻ ያልከው ብር ደረሰኙ የታለ?» ይላሉ። ከኋላ የሚጮኸውንም «ተራህን ጠብቅ!» ብለው ያስቀምጡታል። ሰው የሚፈሩ አይደሉም። እኚሁ ሰው በቀደም ወረዳ ገጠሙኝ። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። መስኮቷ ላይ ጎንበስ ብለው፣ የልጅ ልጃቸው የምትሆን ልጅ «የኔ እመቤት፣ አስቸገርኩሽ፣ ይቅርታ» ይሏታል። እሷ ከስልኳ ቀና ሳትል «ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል፣ ከሰዓት ይመለሱ» አለች። «እሺ የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። ምን ሰጥታቸው ነው የሚያመሰግኗት?

እኔን የገረመችኝ ልጅቷ አይደለችም። የገረመኝ ነገር ካለ የእኛው የራሳችን ነው። ወረዳ ግቢ ስንገባ ማንም ሳያዘን የምናደርጋቸው ነገሮች አሉ። ድምፃችንን እንቀንሳለን። ጉዳያችንን ሳንናገር ይቅርታ እንጠይቃለን። ማንም ያልጠየቀንን ወረቀት ሁሉ አምስት አምስት ኮፒ አስነስተን እንሄዳለን። ከመሄዳችን በፊት ደግሞ «እዚያ የምታውቁት ሰው አለ?» ብለን እንደውላለን። ሕጉ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንድ ደፋር ተገኝቶ ሕግ ከጠቀሰ፣ ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ራሱ «ኧረ ተው ወንድሜ፣ ነገር አታምጣብን» ይለዋል።

ይህን ጠባይ ከቤታችን ይዘነው ነው የሄድነው ወይስ ቢሮው ነው ያስተማረን? እኔ ቢሮው ነው ባይ ነኝ። አንድ ሰው ዕድር ላይ እንዲያ፣ ወረዳ ላይ እንዲህ የሚሆን ከሆነ ነገሩ ከሰውየው አይደለም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?


የቂርቆስ ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 2:31

መስኮቱ ጋ እስክትደርስ ምን አስጠበቀህ? እኔ ገና በር ላይ ጥበቃውን «ኮማንደር» ብዬ ነው የምጀምረው ሃሃሃ።


ሞጣ ቀራንዮ | ሰኞ፣ ማታ 3:05

ወንድሜ ሰገነት፣ ሁሉንም በቀበሌ ማላከክ አይሆንም። ቀበሌ የትናንት ነገር ነው። ደጅ ጥናትስ? አያቶቻችን ርስት ለማስመለስ፣ ሹመት ለማግኘት፣ ለተበደሉት ፍርድ ለማግኘት በየመኳንንቱ ደጅ ይከርሙ ነበር። ስንቅ ይዘው ይሄዳሉ። ስንቁ ያልቃል። ጌታው ሲወጣ እንዲያያቸው ብቻ ማልደው መንገድ ዳር ይቆማሉ። ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርቡ ኩታ የሚወርድበት፣ ወገብ ላይ የሚታሰርበት የታወቀ ሥርዓት ነበረው። ሰውነትህ ገና ሳትናገር ማን እንደሆንክ ይናገር ነበር።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያለ ሕዝብ ነው። ልጅ ስናሳድግስ? ትልቅ ሰው ፊት አትናገር፣ ዓይን ዓይን አትመልከት፣ ስትጠራ ሮጠህ ና። በዚህ ያደገ ልጅ ወረዳ ሲገባ ቀና ብሎ እንዲሄድ ከየት ይማር? ቢሮው ያገኘውን ሰው ነው የተጠቀመበት እንጂ አልፈጠረውም።


ሰገነት | ሰኞ፣ ማታ 3:22

ሞጣ፣ ያልከው ሁሉ ነበረ። ግን ግማሹን ነው የነገርከን። ይኸው ሕዝብ «በላ ልበልሃ» እያለ ዳኛ ፊት ዱላውን እየሰበቀ የሚሟገት አልነበረም? መንገደኛ አስቁሞ «ፍረደን» የሚል፣ በቅሎ ወይም ማር አስይዞ የሚወራረድ፣ «በሕግ አምላክ» ሲባል ሩጫውን የሚያቆም ሕዝብ አልነበረም? ማጎንበሱም ሙግቱም የእኛው ነው። ወረዳ በር ላይ ስንደርስ ማጎንበሱ ብቻ ተመርጦ የሚገባው ለምንድን ነው? ጥያቄዬ ይህ ነው።


ጡረተኛው | ሰኞ፣ ማታ 4:40

ልጆቼ፣ እኔ ቀበሌ ሲቋቋም አይቻለሁ። ትንሽ ላጫውታችሁ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ፣ የተቋቋመውም በዚሁ አዋጅ ነው። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ሆኑ። ከዚያ በላይ ያሉትን ኪራይ ቤቶች የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያዛቸው። እኛ ጭቃ ቤት ተከራይ ነበርን። ኪራያችን ተቀነሰልን። እናቴ እልል ብላለች፣ አልዋሽም። አከራያችን ኪራይ በዘገየ ቁጥር ዕቃችንን ደጅ የሚያወጣ ሰው ነበር።

ቀጥሎ ስኳር ቀበሌ ገባ። ሳሙናም ገባ። በቤተሰብ ቁጥር በካርድ ነበር የሚታደለው። ልጅ ትምህርት ቤት ስታስገባ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ሥራ ስትቀጠር የቀበሌ ደብዳቤ፣ ሰፈር ስትቀይር መሸኛ፣ ክፍለ ሀገር ስትሄድ የይለፍ ወረቀት። የፍርድ ሸንጎው እዚያው ነው። ማሰሪያ ቤቱም እዚያው። ጠመንጃ የያዙት አብዮት ጠባቂዎችም እዚያው ግቢ ናቸው።

ይህን አስቡት እስቲ። ሊቀመንበሩን ያስቀየመ ሰው የሚያጣው አንድ ነገር አይደለም። ጣሪያውንም፣ ስኳሩንም፣ ወረቀቱንም ነው። የድሮ አከራይ ቢያስወጣህ ሌላ ቤት ትፈልጋለህ። ቀበሌ ከከፋብህ ወዴት ትሄዳለህ? ሌላ ቀበሌ ለመሄድ መሸኛውን የሚጽፍልህ እሱው ነው።

ፍርሃቱ ሥር የሰደደው ግን በ1969 እና በ70፣ በቀይ ሽብር ዘመን ነው። መጋቢት 1969 አሰሳ ሲባል ቤት ለቤት ተገባ። መሣሪያ፣ የጽሕፈት መኪና፣ ማባዣ ይፈለግ ነበር። ወንድሜ መጻሕፍቱን ሌሊት ጓሮ ቀበራቸው። ማባዣ የሚባል ዕቃ በዓይኗ አይታ የማታውቀው እናቴ ከዚያ ወዲያ የተጻፈበት ነገር ሁሉ ያስፈራት ጀመር። ቅመም የተጠቀለለበትን ብጣሽ ጋዜጣ ሳይቀር ምድጃ ውስጥ ትከተው ነበር። በር ሲንኳኳ ሬዲዮ ይቀነስ ነበር። እኔ ዛሬም በር ሲንኳኳ ሬዲዮ እቀንሳለሁ። የምሰማው እኮ የእግር ኳስ ዜና ነው።

ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ ፊደል የቆጠረችው በዚያው ቀበሌ አዳራሽ ነው። ስለ ቀበሌ ስትጠየቅ ምርቃቱንም እርግማኑንም አደባልቃ ነበር የምትመልሰው።


ሰገነት | ሰኞ፣ ማታ 4:58

አባቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። እኔ በጎን ስዞረው የነበረውን እርስዎ በቀጥታ አመጡት። ዕድር የሚሰጠው አንድ ነገር ነው፣ ለቅሶ ላይ መቆም። ሰብሳቢው ካልተመቸ በጉባኤ ይወርዳል። ካልሆነም ማዶ ያለው ዕድር ትገባለህ። ሰው ዕድር ላይ አፉ የሚከፈተው ተናግሮ የሚያጣው ትንሽ ስለሆነ ነው። ቀበሌ ላይ ግን የሚያጣው ሁሉም በአንድ በር ውስጥ ነው ያለው።


ቡና ቁርስ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:15

እኛ ሰፈር ሸማቾች ዘይት ገባ ከተባለ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ድንጋይና ጄሪካን ይሰለፋል። ማንም ሳያዘን ከመካከላችን አንድ ስም መዝጋቢ እንመርጣለን። ጎረቤታችን ነው፣ አብሮን ብርድ የሚመታው ሰው። ደብተሩ እጁ በገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቁጣ ይጀምራል። «አንቺ ወደኋላ! ስምሽ የለም!» ሱቁ ሲከፈት ደግሞ የሱ እህት ከየት መጣች ሳትባል አራተኛ ሆና ትገኛለች። ይህን ሰው ቀበሌ አላሠለጠነውም። ደብተሩ ይሆን?


መዝገብ ቤት | ማክሰኞ፣ ቀን 6:50

እኔ ከመስኮቱ ወዲያኛው ጎን ነበርኩ። አሁን ለቅቄያለሁ፣ ስለዚህ እንደልቤ ላውራ።

ሰው ባለጉዳይ ማመላለስ የሚያስደስተን ይመስለዋል። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፈርሞ የተጠየቀ ሠራተኛ አውቃለሁ። ባለመፈረሙ የተጠየቀ ግን አንድም አላየሁም። ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ያላገባ ማስረጃን እንውሰድ። ሰውየው መጥቶ «አላገባሁም» ይላል። በምን አውቃለሁ? ፋይሉን አስፈልጋለሁ። ፋይሉ ከተገኘ ውስጡ ያለው ቅጽ ከስንት ዘመን በፊት በእጅ የተሞላ ነው። ሌላ ክፍለ ከተማ አግብቶ ቢሆንስ? መዝገቡ አይገናኝም። ጽፌ ብሰጠውና ነገ «ሚስቱ ነኝ» የምትል ብትመጣ የሚጠራው የኔ ስም ነው። «ምስክር ይዘህ ና» ብለው ግን ማንም አይናገረኝም። ምስክር ሲያመጣ «ኃላፊው ይምሩልህ» እለዋለሁ። ኃላፊውም እንደኔው የሚያስብ ሰው ነው። ማመልከቻው ጥግ ላይ «በመመሪያው መሠረት ይስተናገዱ» ብሎ ጽፎ መልሶ ወደኔ ይመራዋል። ሥራው አልተሠራም። እኛ ሁለታችን ግን ንጹህ ነን።

ሌላው ማኅተሙ ነው። ክቡ ማኅተም መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው። ሰውየው ለቅሶ ከሄደ የወረዳው ሥራ በሙሉ አብሮት ለቅሶ ሄዷል ማለት ነው። ስብሰባ የሚበዛውም ከላይ ሪፖርት ስለሚጠየቅ ነው። እኛ የምንገመገመው ስንት ሰው አስተናገድክ ተብለን አይደለም። ሪፖርት በሰዓቱ ልከሃል ወይ፣ ስብሰባ ላይ ነበርክ ወይ ነው። ባለጉዳይ ግምገማው ላይ ወንበር የለውም። የአስተያየት መስጫ ሳጥን ግን አለው። ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ አልነግራችሁም።

ከዚያ አንተም ትለወጣለህ። አዲስ የገባሁ ሰሞን ሽማግሌ ሲመጡ ተነሥቼ ወንበር እሰጥ ነበር። አንዲት ነባር ባልደረባ ጠጋ ብላ «አታልምዳቸው» አለችኝ። ቆይቼ እኔም ሳላይ ማናገር ለመድኩ። ከክፋት አይደለም። ቀና ብለህ ካየኸው ታዝንለታለህ። ካዘንክለት ትፈርምለታለህ። ከፈረምክለት ትጠየቃለህ።


ብስጩው ባለጉዳይ | ማክሰኞ፣ ቀን 7:20

አንጀት የሚበላ ታሪክ ነው። ሻይ ቡናውስ? እሱም የመጠየቅ ፍርሃት ነው?


መዝገብ ቤት | ማክሰኞ፣ ቀን 7:44

ወንድሜ፣ እሱ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም። ግን ሌባው የሚሸጠውን ዕቃ ማን እንደሚያመርትለት እየው። የዜጎች ቻርተር ተብሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በቀናት ያልቃል የሚለው ጉዳይ ሳምንታት ሲፈጅ፣ በመካከል ያለው ጊዜ ገበያ ይሆናል። ባለጉዳዩም ለምዶታል። ያለ ምንም ጣጣ በአንድ ቀን የጨረስኩለት ሰው «ምን ላድርግልህ?» እያለ እስከ በር ተከትሎኛል። አይሆንም ስለው ተናደደ። ወረቀቱን እያገላበጠ «ይሄ ነገር ይሠራል ግን?» ብሎ ጠየቀኝ።


ጠመኔ | ማክሰኞ፣ ማታ 1:30

ወረዳ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? ልጁ ሁለተኛ ክፍል ሳይደርስ ይማረዋል። እኔ መምህር ነኝ፣ ሳስተምረው ስለኖርኩ አውቃለሁ።

መምህሩ ሲወጣ ሞኒተሩ ይነሣና ሰሌዳው ጥግ «የረባሾች ስም ዝርዝር» ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ ያስመርበታል፣ በደንብ አድርጎ። ያወራ ይጻፋል። ደግሞ ያወራ ስሙ ላይ ኤክስ ይደረግበታል። ዳቦውን ያካፈለ ይጠፋለታል። መምህሩ ሲመለስ ዝርዝሩን አይቶ ይገርፋል ወይም ያስንበረክካል። ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደጻፈው፣ ማን እንደተፋቀ አይጠይቅም። የተጻፈ ስለሆነ እውነት ነው። ኢሕአዴግ አንዱ አምስቱን የሚከታተልበትን አንድ ለአምስት አደረጃጀት ይዞ ሲመጣ ለተማሪዎቼ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እንደ ሞኒተር ነው?» አለኝ።

በቅርቡ ሞኒተርነቱን በየሳምንቱ በዙር አደረግሁት። እያንዳንዱ ልጅ ጠመኔው አንድ ቀን እጁ እንደሚገባ፣ ከዚያ ደግሞ ከእጁ እንደሚወጣ ያውቃል። ዝርዝሩ አጠረ። ኤክስ የሚባለው ነገር ከነአካቴው ቀረ። ጫጫታው ግን ጨመረ፣ መካድ አይቻልም። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይተው «ክፍልህን መቆጣጠር አቅቶሃል» ብለውኛል። አሁን እኔም በአፈጻጸም ምዘናዬ ላይ ስለ ክፍል አያያዝ የሚሰጡኝን ነጥብ እያሰብኩ ነው።


ሁለት ወገን | ማክሰኞ፣ ማታ 2:05

የኔ አጭር ናት። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ለዓመታት ብሔር የሚል መስመር ነበር። አባቴ ከአንድ ወገን፣ እናቴ ከሌላ ናቸው። 18 ዓመት ሲሞላኝ መታወቂያ ላወጣ ሄድኩ። ልጁ እስክሪብቶውን አንሥቶ «ብሔር?» አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። «ሁለቱንም ጻፍ» አልኩት። «ቦታው አንድ ነው» አለ። የአባቴን ጻፈ። ማታ እናቴ መታወቂያዬን አየችና ምንም ሳትል መለሰችልኝ። ከዚያ በኋላ ሰው ሳገኝ በልቤ ያንን መስመር መሙላት ጀመርኩ። ስሙን ስሰማ፣ አነጋገሩን ስሰማ። ቅጹ ባይጠይቀኝ ኖሮ በዚያ ዕድሜዬ የምጀምረው አይመስለኝም።


ሞጣ ቀራንዮ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:18

ይቺ ከበደችኝ።


የሪያድ እንግዳ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:25

ወንድሞቼ እህቶቼ፣ እዚህ የኛ ቀበሌ «ከፊል» የሚባለው አሠሪያችን ነው። ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) የተያያዘው ከሱ ጋር ነው። በፈረንጅ 2021 ሳዑዲ ሠራተኛ አሠሪ እንዲቀይር ሕጉን ስታላላ የቤት ሠራተኞች አልተካተትንም። ስለዚህ ደመወዝም፣ መኝታም፣ ወረቀትም ከአንድ ሰው እጅ ነው። ጋሽ ጡረተኛው ያሉትን ሳነብ እዚህ ያለሁ መሰለኝ።

እኔ ክፉ ሰዎች አልገጠሙኝም፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባው። ሳሎን ሶፋው ላይ ግን ተቀምጬ አላውቅም። ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ ብቻዬን ስውልም ጓዳ በርጩማ ላይ ነኝ። አትቀመጪ ያለኝ የለም። አዲስ አበባ ለእረፍት መጥቼ እህቴ ቤት ፍሪጅ ልከፍት ስል «ልክፈተው?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። በማግስቱም ጠየቅኋት።


ኡፕሳላ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:40

ከስዊድን ነኝ። እዚህ ማንም አያጎነብስም ብላችሁ እንዳታስቡ፤ የሚያጎነብሱለት ነገር ሌላ ነው። የሕዝብ መዝገብ የሚይዘው የግብር መሥሪያ ቤቱ ነው። ቤት ስትቀይር በሳምንት ውስጥ ማሳወቅ አለብህ፣ ኢንተርኔት ላይ ያልቃል። መሸኛ የለም፣ ፊቱን የሚያጠቁርብህ ሰው የለም። ግን የግል ቁጥር የሌለህ እንደሆነ ባንክ ስትሄድ፣ ሥራ ስትቀጠር፣ የምትለው ሁሉ ግድግዳ ነው የሚሆነው። የምትለምነውም፣ የምትቆጣውም ሰው የለም። እኔ አንዳንዴ የወረዳዋ ልጅ ትናፍቀኛለች፤ እሷን ቢያንስ በእመቤቴ ማስማል ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። እዚህ የሚሰጥህ የእምቢታ ደብዳቤ ሁሉ ምክንያቱ ተጽፎበታል። ከሥሩ ደግሞ ካልተስማማህ እንዴትና ለማን ይግባኝ እንደምትል አለው። ብዙውን ጊዜ 3 ሳምንት ይሰጥሃል። ስዊድናዊቷ ባለቤቴ እምቢታ ሲመጣ ቀጥታ ወደዚያ የግርጌ ጽሑፍ ነው የምትሄደው። እኔ ደብዳቤ በሩ ሥር ሲወድቅ መጀመሪያ የሚመጣብኝ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» የሚለው ነው። እሷ ጠባይ በልጣኝ አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ «አይሆንም» የሚባለው በወረቀት ስለሆነ ነው። የኛ ወረዳ አይሆንምን በቃል ነው የሚሰጠው። በቃል የተሰጠህን አይሆንም የት ወስደህ ትከስበታለህ?


መዝገብ ቤት | ረቡዕ፣ ቀን 6:20

ኡፕሳላ ቁስሏን ነካሃት። እኔ በሠራሁበት ጊዜ ሁሉ በጽሑፍ «አይቻልም» ብዬ አላውቅም። «ነገ ና» ነው የሚባለው። አይቻልም ካልከው ነገር አለው፣ ነገ ና ካልከው ምንም የለውም።


ጠበቃ ነኝ | ረቡዕ፣ ቀን 7:10

ለመረጃ ያህል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የወጣው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውሳኔውን በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። አቤት የሚባልበት የእንባ ጠባቂ ተቋምም አለ። ደንበኞቼን «በጽሑፍ ስጡኝ በሉ» እላቸዋለሁ። አንዷ እንዲህ ብላ መለሰችልኝ፦ «ጠበቃዬ፣ እርስዎ ጉዳዩን ካሸነፉ በኋላ እኔ እዚያው ወረዳ ነኝ የምኖረው።»


ሞጣ ቀራንዮ | ረቡዕ፣ ቀን 7:31

መልሱን ያገኘነው ከሷ ነው። እኔ ባህል ያልኩት ነገር ሒሳብ ሊሆን ይችላል እንዴ? ገና አላመንኩም፣ ግን እያሰብኩበት ነው። ደጅ ጠኚውም እኮ ርስቱን የሚያስመልስበት ሌላ በር ቢኖረው ኖሮ ዓመት ሙሉ አንድ ደጅ ላይ አይከርምም ነበር።


ላምበረት | ረቡዕ፣ ማታ 1:50

እናንተ ስለ ትናንት ታወራላችሁ። ፋይዳ፣ አዲሱን የዲጂታል መታወቂያ፣ ስመዘገብ መሸኛ ያለኝ የለም። አሥር ጣቴን፣ ዓይኔን፣ ፎቶዬን ሰጠሁ፣ ቁጥሬ በስልኬ መጣ። ብሔርም አልተጠየቅሁም። መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ገብቼ አይቻለሁ። ቁጥር ትወስዳለህ፣ ስክሪን ላይ ትጠራለህ። ሰው እዚያ ሲቆም ወረዳ እንደሚቆመው አይደለም። በአንድ ትውልድ የምንላቀቀው ይመስለኛል።


ጡረተኛው | ረቡዕ፣ ማታ 3:15

ልጄ ላምበረት፣ እኔም ተመዝግቤያለሁ፣ በትሕትና ነው ያስተናገዱኝ፣ ደስ ብሎኛል። ግን አንዲት ነገር ከልቤ አልወጣችም። ባንኩም በዚያው ቁጥር፣ ግብሩም በዚያው ቁጥር፣ ሌላውም ቀስ በቀስ ወደዚያው እየገባ ነው። እኔን ያስፈራኝ የነበረው የሊቀመንበሩ ፊት ብቻ አልነበረም። ሁሉ ነገር አንድ ግቢ መግባቱም ነበር። አሁን ግቢው አይታይም። ቁጥሩ የተሳሳተበት ሰው ማን ጋ ነው የሚጮኸው?


ላምበረት | ረቡዕ፣ ማታ 3:28

አባባ፣ በመርህ ደረጃ ልክ ነዎት። ግን እኔ ከማይታይ ግቢ ይልቅ የሚታየው ነው ያሰቃየኝ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ (1284/2015) የግል መረጃ ስለመጠበቅ ይናገራል፤ የሚቀረው መተግበሩ ነው። ስሕተት ሲኖር የሚታረምበትን መንገድ ግን እኔም አጥብቄ እጠይቃለሁ።


መዝገብ ቤት | ረቡዕ፣ ማታ 3:40

እኛ ቢሮ ኮምፒውተር የገባ ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው ወዲያው ቀረ። «ሲስተም የለም» ተተካ። ሲስተሙ ኖሮም ሲስተም የለም ያልኩባቸው ቀናት ነበሩ።


አዲስ ተከራይ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3:05

ይቅርታ፣ ርዕሱን ላስቀይር ነው። ከኮልፌ ወደ የካ ልገባ ነው፣ መሸኛ ማውጣት አለብኝ። መዝገብ ቤት፣ እንዳይከብድህ እንጂ ምን ምን ይዤ ልሂድ? ሰው የለኝም እዚያ።


መዝገብ ቤት | ሐሙስ፣ ጠዋት 3:50

ሰው አያስፈልግህም። ሰኞ ጠዋት አትሂድ፣ ብዙ ቦታ ስብሰባ ነው። መሐል ሳምንት ማልደህ ግባ። የቀድሞውን መታወቂያ ዋናውን ያዝ፣ ይመልሱታል፤ ስለዚህ ከመስጠትህ በፊት ለራስህ ኮፒ አስቀር። ጉርድ ፎቶ ያዝ፣ የተመዘገበ የኪራይ ውል ካለህም ጨምር። የቀበሌ ቤት ዕዳ እንደሌለብህ ሊያጣሩ ይችላሉ። ነገ ና ካሉህ የትኛው ሰነድ እንደጎደለ በስም ጠይቅና እዚያው ፊታቸው ጻፈው። ደብዳቤውን ስትቀበል ደግሞ ቁጥርና ቀን መውጣቱን እይ፤ ማኅተሙም ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ማረፉን ሳታረጋግጥ ከመስኮቱ እንዳትነሣ። ካልሆነ የካዎች ይመልሱሃል።